የሁለት መስመሮች የጋራ ሐዲድ

የባቡር መቀያየሪያ ጣቢያ፣ ማለትም መንገደኛ ከአንዱ መስመር ወርዶ ሌላውን የሚሳፈርበት ስፍራ፣ በጀርመኗ ሙኒክ በማሪየንፕላትስ እንደሚታየው ከመሬት በታች በተደራረቡ ወለሎች ሊሠራ ይችላል፤ በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግን ይኸው ተግባር ከፍ ባለ ድልድይ ላይ በተዘረጋ የጋራ ሐዲድ ይፈጸማል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ መስመሮች፣ አንዱ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ፣ ሌላው ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄዱት፣ ስታዲየምን፣ ለገሃርን፣ ሜክሲኮን፣ ተግባረ እድንና ልደታን ይጋራሉ።

የአሠራሩ ብልሃት እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ከደብረ ታቦር መጥቶ አውቶቡስ ተራ የወረደ፣ ዘመዱ አያት የሚኖር እንግዳ የቃሊቲውን ባቡር ይዞ ከአምስቱ ጣቢያዎች በአንዱ ከወረደ፣ ደረጃ ሳይወጣና ሳይወርድ፣ ጓዙን ከእግሩ ሥር አኑሮ፣ እዚያው በቆመበት መድረክ የአያቱን ባቡር ይጠብቃል። ከአያት ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ሰው ግን አቅጣጫው ስለሚገለበጥ ስታዲየም ወርዶ ወደ ማዶው መድረክ መሻገር ግድ ይለዋል። በአንዱ ሐዲድ የሁለቱም መስመሮች ባቡሮች ስለሚያልፉ፣ ከመሳፈር በፊት የባቡሩን መዳረሻ ማጣራት ያስፈልጋል። ከአምስቱ መካከል ለገሃር፣ ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰበት ሰፈር በመሆኑ፣ የአሮጌውንና የአዲሱን ሐዲድ ታሪክ ጎን ለጎን ያሳያል።