የአንሰል አዳምስ ተራሮች፦ ምስክርነት ወይስ ክዋኔ?

አንሰል አዳምስ (እ.ኤ.አ. 1902–1984) የአሜሪካን ምዕራብ ተራሮች በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በማንሳት ስሙ የገነነ ሰው ነው። ዝናው ግን በአንድ የተሳሳተ እምነት ላይ የቆመ ይመስለኛል፤ ይኸውም ተፈጥሮን እንዳለች ቀድቶ አስቀርቷል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1927 በዮሰሚቲ ሀፍ ዶም የተባለውን ቋጥኝ ሲያነሳ፣ ቢጫው ማጣሪያ የተመኘውን ጨለማ ሰማይ እንደማይሰጠው ተገንዝቦ ደማቅ ቀይ ገጠመ። በዐይን የታየው ሰማይ ሌላ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮ ያነሳው «የጨረቃ መውጣት፣ ኸርናንዴዝ» ደግሞ የበለጠ ይናገራል። ያንኑ ኔጋቲቭ በሕይወት ዘመኑ ከ1,000 ጊዜ በላይ አትሞታል። በቀደሙት ቅጂዎች ሰማዩ ፈዘዝ ብሎ ደመና ይታይበታል፤ በኋለኞቹ ድቅድቅ ጥቁር ነው። ታዲያ «ትክክለኛው» ሥራ የትኛው ነው? በወጣትነቱ ለፒያኖ ተጫዋችነት የሠለጠነው አዳምስ ኔጋቲቩን ከሙዚቃ ኖታ፣ ኅትመቱን ከኖታው አጨዋወት ጋር ያመሳስል ነበር። ሥነ ቃል ያጠና ሰው በዚህ አይደነቅም፤ የአንድ ቃል ግጥም ስንኞች ከሠርግ ሠርግ ሲለዋወጡ አንዱን ዋና፣ ሌላውን ብልሽት ብለን አንፈርጅምና።

ከበድ ያለው ወቀሳ ግን ሌላ ነው። ተራሮቹ ሰው አልባ ናቸው። ዮሰሚቲ የአህዋኒቺ ሕዝብ መኖሪያ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1851 ታጣቂዎች ዘምተው አባረሯቸው። ሥዕሎቹ ይህን ካለመናገራቸውም በላይ ባዶነቱን ራሱን ውበት ያደርጉታል።

ደጋፊዎቹ ለዚህ መልስ ማንዛናርን ይጠቅሳሉ። መንግሥት የጃፓን ዝርያ ያላቸውን አሜሪካውያን ወዳጎረበት ወደዚህ ካምፕ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1943 ሄዶ እስረኞቹን አነሳ፤ በ1944ም በነፃነትና በእኩልነት መወለዳቸውን በርእሱ የሚያውጅ መጽሐፍ አሳተመ። በጦርነቱ መካከል ይህን ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል፤ ይህን የሚክድ ሐያሲ ፍርደ ገምድል ነው። ሆኖም የእሾህ ሽቦውና የጥበቃ ማማው በሥዕሎቹ ውስጥ እምብዛም አይታዩም። አዳምስ በመጽሐፉ የአካባቢው ግርማ የእስረኞቹን መንፈስ እንዳበረታ ይከራከራል። (እስረኞቹ ተራራውን ሊያዩ እንዳልመጡ መቼም አይጠፋውም።) ከካምፑ አጠገብ ካነሳቸው ሁሉ ዝነኛ የሆነው «ማውንት ዊልያምሰን፣ ከማንዛናር» ነው። በፊት ለፊቱ የድንጋይ ናዳ፣ ከበስተኋላው ተራራና ብርሃን የሰነጠቀው ደመና አለ። ወደ 10,000 ሰው ከታጎረበት ካምፕ ግን አንዲት ጎጆ እንኳ አትታይበትም።