ታላቅ ስምና ጠያቂ ልብ

መንገደኛ በባዕድ አገር ሲዘዋወር ዐይኑ ቤተ መንግሥቱንና ሐውልቱን ለማየት ይቸኩላል። ነገር ግን የአንድን አገር ጠባይ ማወቅ የሚሻ ሰው በየሱቁና በየመንገዱ ደጋግሞ የሚገጥመውን ስም ልብ ቢል ይበልጥ ይማራል።

እኔም ወደ ሕንድ አገር በሄድሁ ጊዜ ይህን የመሰለ ስም አገኘሁ፤ ስሙም ታታ ይባላል። በመንገድ የሚያልፈው የጭነት መኪና ታታ ነው። በማዕድ ላይ የቀረበው ጨው ታታ፥ የሚጠጣውም ሻይ ታታ ነው። ታይታን የተባለው የእጅ ሰዓትና ታጅ የተባሉት ሆቴሎች ስማቸው ሌላ ቢሆንም የዚሁ ቤት ወገኖች ናቸው። ኤር ኢንዲያ የተባለው አየር መንገድ እንኳ በ1932 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በዚሁ ኩባንያ ተመሥርቶ፥ በ1953 መንግሥት ከወረሰው በኋላ፥ በ2022 ወደ ጥንት ባለቤቱ ተመልሷል።

የበላንበትን ወጪት ሰባሪ እንዳንሆን አስቀድመን በጎውን እንናገር። መሥራቹ ጃምሴትጂ ታታ በ1868 ንግዱን ጀምሮ በ1904 የሞተ ሰው ነው። እርሱ ያሰበው የብረት ፋብሪካ በ1907፥ ያሰበውም የሳይንስ ትምህርት ቤት በ1909 በባንጋሎር ተቋቋመ። በ1941 ደግሞ በቦምባይ የነቀርሳ ሆስፒታል በዚሁ ስም ተከፈተ። ዛሬም ከዋናው ኩባንያ አክሲዮን ከመቶ 66 ያህሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ነው። ይህን ያህል ያደረጉ ባለጸጎች ብዙ አይደሉም።

ይሁን እንጂ በጎ ሥራ ምስጋና ይገባዋል እንጂ ባለቤቱን ከጥያቄ ነጻ አያወጣም። ጃምሼድፑር የምትባለው ከተማ በመሥራቹ ስም የተጠራች ናት፤ ውኃዋንና መብራቷን ለብዙ ዘመን ያስተዳደረው ኩባንያው ነው። ደመወዙን፥ ውኃውንና መብራቱን ከአንድ እጅ የሚቀበል ሰው፥ ያች እጅ በተሳሳተች ጊዜ አቤት የሚለው ወደ ማን ነው? መራጭ ሕዝብ ሹሙን ይሽራል፤ ደንበኛ ግን ባለጸጋውን አይሽርም።

በ2006 የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት በሲንጉር 400 ሄክታር ያህል የእርሻ መሬት ለታታ የመኪና ፋብሪካ ብሎ ወሰደ። አንሰጥም ያሉ ገበሬዎች ተነሡ፤ ኩባንያውም በ2008 ለቆ ሄደ። በ2016 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አወሳሰዱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ መሬቱ ለገበሬዎቹ እንዲመለስ ፈረደ። እነሆ፥ ጠያቂ ገበሬና ዳኛ ባይኖሩ ኖሮ የኩባንያው መልካም ስም ብቻውን መሬቱን ባላስመለሰም ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ነገር አለ። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት፥ ስንቁን ለማቅረብ ከተዋዋሉት የቦምባይ ነጋዴዎች አንዱ የጃምሴትጂ አባት ኑሰርዋንጂ ታታ ነበር። ቤተሰቡ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥጥ ንግድ ከስሮ ነበርና በዚህ ውል ትርፍ እንደ ገና ቆመ። እኛ ንጉሣችንን፥ መጻሕፍታችንንና ታቦቶቻችንን ባጣንበት ዓመት፥ በቦምባይ የአንድ ቤት ሀብት ተቃና። ይህን የምናገረው ልጆቹን ለመክሰስ አይደለም፤ ስንቅ የሸጠና መቅደላን የዘረፈ አንድ አይደሉም። ነገር ግን ታላቅ ስም ሁሉ ሥር አለው፤ ሥሩም እስከ የት እንደሚደርስ መመርመር የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ በአገራችሁም ታላላቅ ኩባንያዎች ይነሣሉ፤ ከውጭም ይመጣሉ። ፋብሪካን አትጥሉ፤ ድህነት ምግባር አይደለምና። ግን «በሬ ሆይ፥ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እንዳይባልባችሁ፥ ሦስት ነገር ጠይቁ። ባለቤቱ ማን ነው? ለዚህ ሲባል ከርስቱ የተነሣው ማን ነው? ቢበድልስ የሚዳኘው ማን ነው? ለሦስቱም መልስ ያለው ባለጸጋ ይከበር፤ መልስ የሌለው ግን ጨው ቢያቀርብ፥ ሻይ ቢያጠጣ፥ ሆስፒታልም ቢሠራ፥ ጥያቄው አይቅርለት።