ስለ ሰርቮና ስለ ለስላሳ የካሜራ አዟዟር

በኢሉ አባቦር ካሜራን በሰርቮ ሞተር እያዞረ ፊልም ለሚቀርጽ ሰው የሥራው ጉድለት ከሁሉ ይልቅ የሚገለጥበት የያዮ የቡና ደን ነው፤ ከመቱ ብዙ የማይርቀው የሶር ፏፏቴ ውኃው ራሱ ዕረፍት ስለሌለው የሞተሩን መንቀጥቀጥ ይሸፍንለታል፤ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ በገባው በያዮ ግን ከቡናው በላይ ቀጥ ብለው የቆሙት የጥላ ዛፎች፣ ካሜራው በዘለለ ቁጥር ግንዳቸው አብሮ ስለሚዘል፣ ምንም አይሰውሩለትም።

የዝላዩም ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ ድካም ሳይሆን የትእዛዙ አከፋፈል ነው። ተራ ሰርቮ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይቀበላል፤ ምቱ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን መካከል ላይ ይቆማል፤ ሲያጥር ወደ አንዱ፣ ሲረዝም ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። ፒሲኤ 9685 የሚባለው የመቆጣጠሪያ ቺፕ ያንን 20 ሚሊ ሰከንድ በ4096 ይከፍለዋል፤ በ1 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት 90 ዲግሪ በሚዞር ሰርቮ ላይ አንዱ ክፍል 0.44 ዲግሪ ይሆናል። ለሰሚ ኢምንት ነው፤ ዳሩ ግን 40 ዲግሪ የሚያይ ሌንስ በ1920 ፒክስል ስፋት ሲቀርጽ አንዱ እርምጃ 21 ፒክስል ያህል ይዘላል፤ ከጎሬ ከፍታ ላይ ሆነን ሩቁን ለማቅረብ 10 ዲግሪ ብቻ የሚያይ ሌንስ ብንገጥም ደግሞ ዝላዩ አራት እጥፍ ያድጋል። በጊር አንድ ለአምስት ቢቀነስ ዝላዩም በአምስት ይከፈላል፤ ነገር ግን የመዞሪያው ስፋት ከ90 ወደ 18 ዲግሪ ይጠብባል።

እርምጃው ከረቀቀ በኋላ የሚቀረው የአነሣሡና የአቋቋሙ ሥርዓት ነው። በማሕሌት ሊቃውንቱ ከቁም ዜማ ተነሥተው በዝማሜና በመረግድ አልፈው ወደ ጽፋት እንደሚደርሱ፣ ካሜራውም ከዕረፍት ወደ ሩጫ በደረጃ እንጂ በድንገት ሊሸጋገር አይገባውም፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን የፍጥነቱ ለውጥ እንኳ ከዜሮ ተነሥቶ በዜሮ እንዲፈጸም እሻለሁ። ይህን የሚያስገኘው ቀመር የታወቀ ነው፤ ያለፈውን የጊዜ ድርሻ ሦስተኛ ኃይል በ10፣ አምስተኛ ኃይሉን በ6 አባዝቶ ይደምርና፣ አራተኛ ኃይሉን በ15 አባዝቶ ይቀንሳል። ልስላሴው ግን በነጻ አይገኝም፤ በመካከል ላይ ፍጥነቱ ከአማካዩ 1.875 እጥፍ ስለሚደርስ፣ የያዮ ግንዶች እንዳይደበዝዙ የምለካው በዚሁ በከፍተኛው ፍጥነት ነው።

ከቀመሩ አስቀድሞ ደግሞ ክብደት አለ። ወደ ላይና ወደ ታች በሚያዘነብለው ዘንግ ላይ ሌንሱ ወደ ፊት ካደላ፣ ሰርቮው ቆሞ ሳለ እንኳ ከክብደቱ ጋር እየታገለ ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ የሥራው ቅደም ተከተል አስቀድሞ ሚዛን፣ ቀጥሎ ጊር፣ በመጨረሻ ቀመር ነው። ወጣት ባልደረቦቻችን ከቀመሩ የሚጀምሩት በኮምፒውተር ላይ ማረም ስለሚቀል ነው፤ ሚዛኑን ያልጠበቀ ካሜራ ግን ፕሮግራሙ ምንም ቢራቀቅ አይታዘዝም።