ከአበባው ይልቅ ጥላውን

ጎንደር ውስጥ ሥዕል ማለት ለብዙ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ማለት ነበር። ዓይናችን የሠለጠነው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሥር ቆመን፣ አንገታችንን ቀና አድርገን፣ ከላይ ወደ ታች የሚያዩንን የኪሩቤል ፊቶች ስናይ ነው። ይህ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ነገር ግን አንድ ጎረቤታችን ከሥራ መልስ ወይም ጡረታ ከወጣ በኋላ ለራሱ ደስታ አደይ አበባና የስሜን ተራራ ስሎ ሲያሳየን አፋችን ላይ የሚመጡት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ «ቆንጆ ነው» ወይም «ልክ ፎቶ ይመስላል»። የመጀመሪያው ሠዓሊውን አይጠቅመውም። ሁለተኛው ይጎዳዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ወንዝ ዳር መውረዱን ትቶ ስልኩን ይከፍታላ!

ለደስታ የሚሳል ሥዕል በርኅራኄ ብቻ መታየት አለበት ብለው የሚያስቡ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሠርቶ የሚያድር ሠዓሊ ገዢ የሚፈልገውን ለመሥራት ይገደዳል፤ ፒያሳ ላይ ግንቡን በቀይ ጀንበር ፊት ደጋግሞ የሚስል ሰው ልጆች የሚያሳድግበት ነውና አልፈርድበትም። ለደስታው የሚስለውን ግን ማን ያስገድደዋል? ጊዜውም ምርጫውም የራሱ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ያለ ይሉኝታ ልንጠይቀው እንችላለን፤ አይተህ ነው የሳልከው ወይስ አስታውሰህ?

አደይ ቢጫ መሆኗን፣ የፋሲል ግንብ በየማዕዘኑ ክብ ማማ እንዳለው ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን እናውቃለን። ይህን ብቻ የሚስል ሰው ከቤቱ መውጣት አያስፈልገውም። አይቶ የሚስል ሰው ግን የማያውቀው ነገር ያጋጥመዋል፤ ያ ነገርም ሥዕሉ ውስጥ ይገባል። የሚገባው ደግሞ ዋናው ቦታ ላይ አይደለም። ማንም ልብ በማይለው ቦታ ነው፤ በሁለት አገዳ መካከል ባለው ክፍተት፣ ግንቡ ከሣሩ ጋር በሚገናኝበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጥላው ውስጥ። እኔ የማንንም ሥዕል ሳይ መጀመሪያ የምሄደው ወደዚያ ነው።

አደይን እንያት። ጀማሪ ሠዓሊ ቢጫውን ከቱቦው እንዳለ ያወጣል፤ ለጥላው ደግሞ ጥቁር ጣል ያደርግበታል። ቢጫ ላይ ጥቁር ሲገባ የቆሸሸ አረንጓዴ ይወጣል፤ አበባዋም በሽታ የያዛት ትመስላለች። በመስከረም ማለዳ ቀሃ ዳር ተቀምጦ አንዷን አደይ ትክ ብሎ ያየ ሰው ጥላዋ ወደ ብርቱካንማ እንደሚያደላ ያውቃል። የአበባዋ ቅጠል ስስ ስለሆነ ብርሃኑ በውስጧ ያልፋል፤ አንዱ ቅጠል ቢጫውን በሌላው ላይ ይጥላል፤ ጥላው ሙቀት የሚኖረው ለዚህ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የማየው አቀማመጧን ነው። አበቦቹ ሁሉ እንደ ሳንቲም ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው ከተደረደሩ ሠዓሊው የሳለው የሚያውቃትን አደይ ነው። እውነተኛ የአደይ ሜዳ ላይ ግማሾቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋል፤ አንዳንዷ በጎን በኩል ቀጭን መስመር ብቻ ሆና ትታያለች፤ አንዳንዷ ገና እንቡጥ ናት፤ ነፋስ ያጎበጣትም አለች። ሜዳው ወደ ኋላ እየራቀ ሲሄድ ደግሞ አበባ መቁጠር ይቀራል፤ ቢጫው ከሣሩ ጋር ተዋሕዶ አንድ ለስላሳ ቀለም ይሆናል። የኮረብታው ጫፍ ላይ ያለችውንም አደይ ተነጥላ የምትታይ አድርጎ የሳለ ሰው ሜዳውን ወደ ግድግዳ ለውጦታል።

አንዲት ጡረታ የወጡ እናት ያሳዩኝን አንድ ሥዕል እዚህ ላይ ላንሣ። ከደብተር ገጽ ብዙም የማይበልጥ ወረቀት ነው፤ በውሃ ቀለም የተሠራ። የድንጋይ አጥር ሥር ያሉ ጥቂት አደዮች ናቸው። የእጃቸው ድካም ይታያል፤ አንዱ ድንጋይ ሚዛኑን ስቷል፤ የአንዷ አበባ ቅጠሎችም ተጣብቀዋል። ነገር ግን ከአጥሩ ድንጋዮች አንዱ ከታች በኩል ቢጫ ነክቶታል። ለመነካቱ ምክንያት አለው፤ ፀሐይ የመታቻቸው አበቦች ከፊቱ ናቸው፤ ቢጫቸውም ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ወድቋል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ቁጭ ብለው አይተውታል። ከፎቶ ተቀድተው ፍጹም ከተስተካከሉ ብዙ ትልልቅ ሸራዎች ይልቅ ያንን ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ብሰቅል እመርጣለሁ።

ነጭ አበባ ከቢጫ ይልቅ ይከብዳል። ቀጋ ስታብብ ነጭ ናት እንላለን፤ ሥዕል ላይ ግን ንጹሕ ነጭ መሆን ያለባት ፀሐይ የመታት ትንሽ ቦታ ብቻ ናት። የቀረው የአበባዋ ገላ ሰማዩን ይወስዳል፣ ሣሩን ይወስዳል፣ ወደ መካከሏ ሲቃረብ ደግሞ ቢጫ ይነካዋል። በውሃ ቀለም የሚሠራ ሰው ነጩን ቀለም ቀብቶ አያመጣውም፤ ወረቀቱን ሳይነካ ይተወዋል። ምን እንደሚተው አስቀድሞ ማሰብ አለበት ማለት ነው። በደንብ የተተወ ነጭ ካየሁ የሠዓሊውን ትዕግሥት አከብራለሁ።

ስለ አበባ ሥዕልና ስለ ጎንደር ሲነሣ ሉዊጂ ባሉጋኒን ማለፍ አይቻልም። የቦሎኛ ሰው የነበረው ይህ ጣሊያናዊ ከስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጋር በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ፤ ከብሩስ ጋርም ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዷል። የአገራችንን ዕፅዋት ኮሶን ጨምሮ በእርሳስና በቀለም ሳለ፤ በመጨረሻም እዚሁ ጎንደር አረፈ። ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. የጉዞ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ሲያሳትም ለዚህ ሰው ድካም ተገቢውን ስም አልሰጠም፤ ይህ እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ሥራዎቹ አሁን አሜሪካ አገር በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። ባሉጋኒ የሠራው ለዕውቀት ነው፤ ለደስታው የሚስል ሰው እንደ እሱ የአበባን ክፍል አንድ በአንድ መዘርዘር አይጠበቅበትም። አንድ ነገር ግን ከእሱ ሊወርስ ይገባል፤ አበባው ከአገዳው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ማወቅ። የኮሶ አበባ ቅርንጫፉ ላይ ሽቅብ አይቆምም፤ በከባድ ዘለላ ቁልቁል ይንጠለጠላል። የሴቴዋ ዛፍ ዘለላ ይቀላል፤ የወንዴው ፈዘዝ ይላል። በአንድ ዛፍ ላይ ሁለቱንም ቀላቅሎ የሰቀለ ሥዕል ካዩ ሠዓሊው ዛፉ ሥር አልቆመም።

ጅብራም እንዲሁ ነው። ስሜን ውስጥ ከጨንቅ በላይ ያለውን ሜዳ ከሚስሉት ብዙዎቹ ጅብራን ዘንባባ ያስመስሉታል። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆይና አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይሞታል። ስለዚህ እውነተኛ የጅብራ ሜዳ ሁሉም ዕድሜ ያለበት ነው፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ልጅ እግር አለ፣ ያበበ አለ፣ አብቦ ደርቆ ግራጫ ምሰሶ ሆኖ የቆመም አለ። ያበበውን ብቻ ደርድሮ የደረቀውን የተወ ሥዕል ፖስት ካርድ ሆኖ ይቀራል። የደረቀውን ደፍሮ ያስገባ ሰው ቦታውን ያውቀዋል።

ወደ ተራራው እንሻገር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ስሜንን ሳል ሲባል እጁ ሦስት ማዕዘን ያወጣል፤ አንዳንዱም ጫፉ ላይ ነጭ ይቀባል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ የበረዶ ቆብ የለውም። ያ ከአውሮፓ የቀን መቁጠሪያ ላይ የመጣ ተራራ ነው። የእኛ ተራራ የተሠራው እሳተ ገሞራ ካፈሰሰው፣ ንብርብር ሆኖ ከረጋ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ አናቱ በብዙ ቦታ ሜዳ ነው፤ ጠርዙ ግን በቢላ የተቆረጠ ያህል ይወርዳል፤ በአንዳንድ ቦታ 1,500 ሜትር ድረስ። ገደሉ ላይ የሚታዩት የድንጋይ ድርብርቦች አግድም ይሄዳሉ። ከአንዱ አፋፍ ወደ ማዶው አፋፍ ተሻግረው የሚቀጥሉ መሆናቸውን በዓይንዎ ይከተሉ። ሸለቆው ሳይቆርጠው በፊት አንድ አገር እንደነበረ ሥዕሉ ካሳየዎት፣ የሠዓሊው እጅ ቢንቀጠቀጥም እንኳ ትልቅ ነገር ተሠርቷል።

ብርሃኑንም ይፈትሹ። ትልቁ የስሜን ገደል በአብዛኛው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፤ በበጋ ወራት ደግሞ ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው። ስለዚህ በታኅሣሥ እኩለ ቀን የገደሉ ፊት ጥላ ውስጥ ነው፤ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ብቻ ስለሆነም ወደ ሰማያዊና ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። ወርቅ የመሰለ ገደል በእኩለ ቀን የሳለ ሰው የተመኘውን ሳለ። በጠዋትና በማታ ግን አንዳንድ አፋፍ በጎኑ ብርሃን ይነካዋል፤ ያንን ቀጭን ነገር በልክ የያዘ ሥዕል እሜት ጎጎ ላይ የቆመ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ወሩም መታወቅ አለበት። በጥቅምት ዝናቡ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ሩቁ ተራራ እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በመጋቢት አቧራና ጭስ ስለሚሰፍን ቆላው ወደ ቢጫማ ግራጫ ይለወጣል፤ በነሐሴ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ግማሹን ይውጠዋል። ሩቅ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ የተቀባበት ሥዕል ወር የለውም። «ይህ የስንተኛው ወር ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሠዓሊው ሳያስብ ከመለሰልኝ ግማሹን ፈተና አልፏል።

የፋሲል ግንብ ላይ ብዙ አልቆይም። ድንጋዩ ቡናማ እንጂ ብርቱካን አይደለም፤ እያንዳንዱን ድንጋይ በመስመር የከበበ ሥዕል ግንቡን ያቀለዋል፣ ክብደቱን ይወስድበታል። በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ ጎንደር ላይ አናት በአናት ትሆናለች፤ ያን ጊዜ ረጅም ጥላ መሬት ላይ የጣለ ማማ ሊኖር አይችልም። ከስልክ ፎቶ የተቀዳ ደግሞ በሦስት ነገር ይታወቃል፤ ጥላው ድፍን ጥቁር ይሆናል፣ ሰማዩ ባዶ ነጭ ይሆናል፣ የቅርቡም የሩቁም ጠርዝ እኩል ስለታም ይሆናል። የሰው ዓይን እንዲህ አያይም፤ አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ ሌላውን ያለዝበዋል።

አሁን አከራካሪ ወደሆነው ልምጣ። ጎንደር ያደገ ሰው አበባውን በጥቁር መስመር ሲከብብ ብዙ ጊዜ «አልተማረም» ይባላል። እኔ እንዲህ አልልም። መስመሩ የአባቶቹ ነው። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የደረሰው ሁለተኛው የጎንደር ስልት ከመስመሩ ጋር ፊትን በጥላ ማጉላትንና ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚሸጋገር ዳራን አምጥቷል፤ ይህም ማለት መስመርና ጥላ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ በዚህች ከተማ ከብዙ ዘመን በፊት ተረጋግጧል። በ1950 ዓ.ም. ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ሌላ የአሳሳል መንገድ በአገሩ ተስፋፋ፤ ይህም መልካም ነው። እኔ የምጠይቀው መስመሩ በሕይወት አለ ወይ ብዬ ነው። በሕይወት ያለ መስመር ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ቅጠሉ ወደ ብርሃን ሲዞር ይጠፋል፣ ጥላ ውስጥ ሲገባ ይመለሳል። ዙሪያውን እኩል የሄደ መስመር ግን አበባዋን አጥሮ ይዟታል።

የሥራውን ሁኔታም ማወቅ ፍርድን ያስተካክላል። ከፍታ ላይ ፀሐይና ነፋስ ቀለሙን ወዲያው ያደርቁታል፤ አክሪሊክ ገና ሳይለሰልስ ይይዛል፤ የውሃ ቀለምም ጠርዙ ይደነድናል። ሳንቃበር ላይ የተሠራ ሥዕል ሰማዩ ላይ እድፍ የመሰለ ጠርዝ ቢኖረው አልፈርድበትም፤ ሳሎን ተቀምጦ የተሠራ ከሆነ ግን እጠይቃለሁ። ውጭ የሠራ ሰው ለመፍጠን ይገደዳል፤ መፍጠኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሥዕሉ መልካም ነው፤ ሁሉን ለመጨረስ ጊዜ ስለሌለው የሚያስፈልገውን ይመርጣል።

ሥዕሉን ሲያዩ የቤቱን መብራት አጥፍተው መስኮት ዳር ይውሰዱት። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይዩት፤ ብርሃኑና ጨለማው ቦታቸውን ከያዙ ተራራው ይቆማል። ከዚያ ቀርበው ጥላውን ይፈልጉ። ለሠዓሊው ሲናገሩም በጣትዎ አንድ ቦታ ይንኩ፤ «እትዬ፣ ይቺን ድንጋይ እንዴት አዩዋት?» ወይም «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ለምን ጥቁር ገባ?» ይበሉ። እንዲህ የሚጠየቅ ሰው ቅር አይለውም፤ ሥራው በእውነት እንደታየለት ይገባዋል። ጎንደሬ ታላቁን ማስቀየም አይወድም፤ ነገር ግን በዝርዝር የተነገረ እርማት ክብር አለው።

በመጨረሻም ሥዕሉን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። ጥሩ ልማድ ያለው ሠዓሊ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን እዚያ ይጽፋል፤ «አንገረብ ማዶ፣ ጥቅምት፣ ከጧቱ 2 ሰዓት» ብሎ። ከዚያ መልሰው ፊቱን ያዙሩና በጥቅምት ጧት 2 ሰዓት ላይ ጥላ በየት በኩል እንደሚወድቅ፣ ምን ያህል እንደሚረዝም ያመሳክሩ። ጽሑፉና ጥላው ከተስማሙ፣ ዋጋውን ለመጠየቅ አይፈሩ፤ የሚሸጥ ባይሆን እንኳ።