ባሕር ዛፍ ብረት አይደለም

የእንጨትን መጉበጥና መሰበር በኮምፒዩተር ማስላት የተመሰገነ ጥበብ ነው፤ አጣናውን በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ ጫናው የት እንደሚበረታ ያሳያል። ነቀፋችን ለኮምፒዩተሩ በሚሰጠው ቁጥር ላይ ነው። እንጨቱን እንደ ብረት በየአቅጣጫው እኩል ጽናት ያለው አድርጎ ማስላት ታላቅ ስሕተት ነው። እንጨት በቃጫው ርዝመት ሲጎተት ይጸናል፤ ከቃጫው በተቃራኒ ሲሳብ ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ቅርንጫፍ የወጣበት ጉጥም ያደክመዋል።

በእንጅባራና በዳንግላ ቤት የሚሠራበት የባሕር ዛፍ አጣና ደግሞ ድቡልቡል፣ ወደ ጫፉ የሚቀጥን፣ ብዙ ጊዜም በእርጥቡ የሚማገር ነው። ቆርቆሮ ተሸክሞ ይደርቃል፤ ጭነቱ ሳይጨምርም እያደር ይጎብጣል። ይህን አናጢው ያውቀዋል፤ ሒሳባችን ግን ጭነቱ በተጫነበት ቅጽበት ያበቃል። በ1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ማዲሰን የወጣው ጥናት ዐሥር ዓመት ጭነት የሚሸከም እንጨት በአጭር ሙከራ ካሳየው ኃይል 60 ከመቶ ያህሉን ብቻ እንደሚችል አመልክቷል፤ ያውም ጉጥ የሌለበት እንጨት! ታዲያ ከባዕድ አገር ጥድ በተዋስነው ቁጥር ደኅና ነው ያልነው ወራጅ ከዐሥር ክረምት በኋላ ከሥሩ ለሚያድሩት ምን ይሆናቸዋል? የአዊን አጣና እርጥቡን አጋድሞ፣ ድንጋይ አንጠልጥሎ፣ መጉበጡን በየወሩ መለካት ገመድና ሜትር እንጂ ሌላ አይጠይቅም።