«ዊት» የተባለው ተውኔትና ስለ ሞት መነጋገር

በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው የማርጋሬት ኤድሰንን «ዊት» የተባለ ተውኔት፣ ይልቁንም ተውኔቱ ከታየ በኋላ የሚደረገውን ውይይት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ደራሲዋ በ1985 በዋሽንግተን በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የነቀርሳና የኤድስ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል በጸሐፊነት ሠርተዋል። ተውኔታቸው በ1995 በካሊፎርኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በ1999 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ።

ቪቪያን ቤሪንግ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ደን ስለ ሞትና ስለ ነፍስ የጻፋቸውን ግጥሞች ስታስተምር ኖራ፣ በዕንቍላል ዕጢ ነቀርሳ ትያዛለች። በሽታው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ደርሷል። ሐኪሙ ኬሌኪያን ይህንኑ ፊት ለፊት፣ ትምህርት እንደሚሰጥ ሰው ይነግራታል። ወጣቱ ሐኪም ጄሰን ደግሞ የቀድሞ ተማሪዋ ነው፤ የእርሷን ሰውነት እርሷ የደንን ግጥም ትመረምር በነበረበት ዐይን ይመረምረዋል። የርእሱን ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል መመለስ ያስቸግራል፤ የቅኔ መምህር በተማሪው ላይ ሲያየው ደስ የሚለው ያ ፈጣን ልቡና ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። በተውኔቱ ውስጥ በሕይወትና በሞት መካከል የሚገባው ድርብ ሰረዝ ነው ወይስ ነጠላ ሰረዝ የሚል ክርክር አለ፤ ቪቪያን መልሱን በወጣትነቷ ከመምህርቷ ተምራለች፤ የሚገባት ግን አልጋ ላይ ከወደቀች በኋላ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ «ኤቭሪማን» የተባለውን የጥንት የእንግሊዝ ተውኔት አጥንተን ነበር። እዚያ ሞት ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ሰውየውን ይጠራዋል፤ ለተመልካች የሚቀረው ማድመጥ ነው። «ዊት» ግን ያናግራል። ስለዚህም በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካና በካናዳ ባሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተውኔቱ እየታየ ተማሪዎችና መምህራን እንዲወያዩበት ተደርጓል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ስለ ራሱ በሽተኛ መናገር የሚያፍር ተማሪ ስለ ቪቪያን ሲሆን አንደበቱ ይፈታል።

ሆኖም አንድ ጕድለት አያለሁ፤ ጕድለቱም ከተውኔቱ ራሱ የመጣ ነው። ጄሰን ለመፍረድ እጅግ ይመቻል። ባለፈው ዓመት ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ተውኔቱን በየተራ አንብበነው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የተነጋገርነው ስለ ሐኪሞች ትሕትና ማጣት ብቻ ነው። ስለ ሞት የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርሁም። ፈርደን፣ ልባችን ቀሎን ተለያየን።

የተውኔቱ ምርጥ ክፍል ግን ሌላ ነው። ሌሊት ነው፤ ቪቪያን ፈርታለች። ነርሷ ሱዚ በእንጨት ላይ የተሰካ በረዶ አምጥታ ለሁለት ከፍላ አብራት ትበላለች፤ ከዚያም ልብሽ ቢቆም እንደገና እንዲያስነሡት ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም ብላ ትጠይቃታለች። ቪቪያን የምትፈልገውን የጠየቃት የመጀመሪያዋ ሰው እርሷ ናት።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ቀላል አይደለም። መርዶ ማርዳት ሥርዐት አለው፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ለጎረቤት አስቀድሞ ይነገራል፤ ሊነጋጋ ሲል ይኬዳል። የውብዳር በየነ በ1992 በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሲጽፉ፣ የከባድ በሽታ ወሬ በመጀመሪያ ለቤተ ዘመድ መነገር እንዳለበት ለአሜሪካ ሐኪሞች አስረድተዋል። ከኬሌኪያን አነጋገር ይህ የተሻለ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ዘመድ ከሰማ በኋላ ብዙ ጊዜ ወሬው እዚያው ይቀራል። ለሚሞተው ኑዛዜ አለ ይባል ይሆናል፤ የሚናዘዝ ሰው ግን መሞቱን ማወቅ አለበት። ሕመሙን የደበቅንበትን ሰው ኑዛዜውንም ነጥቀነዋል።

የአክስቴን ነገር በመጥቀሴ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ነቀርሳ ነበር፤ እኛ ጨጓራ ነው እንላት ነበር። አንድ ምሽት «የዕድሩ የወር መዋጮ ተከፍሏል ወይ?» ብላ ጠየቀች። አጎቴ ተከፍሏል አላት፤ አንድ ሌላ ሰው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። የጠየቀችው ስለ ገንዘብ እንዳልነበረ በክፍሉ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። የንስሐ አባቷ የደረሱት ከሞተች በኋላ ነው።

ስለዚህ ይህን ተውኔት በአማርኛ አንብበን የምንወያይ ከሆነ፣ ውይይቱ በጄሰን ሳይሆን በሱዚ ጥያቄ ቢጀመር፣ ከሐኪሞችም ጋር ያስታመሙ ዘመዶች ቢቀመጡ እመርጣለሁ። ጥያቄውን ለመተርጐም ሞክሬአለሁ። መልሱ በእንግሊዝኛ አጭር ነው፤ በአማርኛ «ልቤ ቢቆም ተዉኝ» ሲባል ግን «ጣሉኝ» የተባለ ይመስላል። «አትቀስቅሱኝ» የሚለውን ለጊዜው ይዣለሁ፤ የተሻለ ያለው ባልደረባ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።