ከሦስተኛው ማዕረግ በኋላ

በእንግሊዝ አንድ የፍሪሜሰን ማኅበር አባል ሦስት ማዕረጎችን ያልፋል፤ ተለማማጅ፣ የሙያ ባልደረባ፣ ዋና ግንበኛ። በሕጉ መሠረት በሁለት ማዕረጎች መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት ማለፍ አለበት። ስለዚህ ሦስቱንም በጥቂት ወራት የሚጨርስ አለ፤ ትምህርቱን በዚያው ፍጥነት የጨረሰ ግን የለም።

መጀመሪያ የሚመጣው የቃል ጥናት ነው። ተለማማጁ ከማደጉ በፊት ሎጅ በሚባለው የአባላት ጉባኤ ፊት ቆሞ ለተወሰኑ ጥያቄዎች የተወሰኑ መልሶችን ይሰጣል። የአብነት ተማሪ ከመሪጌታው ፊት ተቀምጦ ዜማውን ሲያሰማ ላየ ሰው ነገሩ ባዕድ አይሆንም። የማዕረግ አሰጣጥ ሥርዓቱን የሚመሩትም ረጃጅም ንግግሮችን ያለ ወረቀት ይወጧቸዋል። ኢሙሌሽን የተባለው የለንደን የመለማመጃ ሎጅ እ.ኤ.አ. በ1823 የተቋቋመው ለዚሁ ነው። እዚያ አንድ ቃል የሳተ ወዲያው ይታረማል፤ አንድም ሳይታረም የፈጸመ ደግሞ የብር ክብሪት መያዣ ይሸለማል።

በቃል መያዝ ጆሮንና ምላስን ይገራል። አደጋም አለው፤ ቃሉን አሳምሮ የሚወጣ ሰው ትርጉሙንም የያዘ ይመስለዋል። ሁለተኛው ማዕረግ ግን ሰዋስውን፣ ሒሳብን፣ ጂኦሜትሪን፣ ሙዚቃንና ሥነ ፈለክን ጨምሮ ሰባቱን ጥበባት እንዲያጠና አባሉን ያሳስበዋል። ይህን ማሳሰቢያ ከምር የወሰደው የማተሚያ ቤት ሰው ዊልያም ፕሬስተን ነበር። በ1772 ስለ ሥርዓቱ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1818 ሲሞትም በየዓመቱ ለሚሰጥ ትምህርታዊ ንግግር 300 ፓውንድ ተናዘዘ። ንግግሩ በ1862 ተቋርጦ በ1924 ተመለሰ።

ከዚህም የጠለቀ ለውጥ ያመጣው ለምርምር የቆመው የለንደኑ ኳቱኦር ኮሮናቲ ሎጅ ነው። ፈቃዱ በ1884 ቢሰጥም፣ የመጀመሪያ መሪው ቻርልስ ዋረን ለወታደራዊ ግዳጅ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ በመላኩ ሥራ የጀመረው በ1886 ነው። ዋረን ከ1867 እስከ 1870 በኢየሩሳሌም የሰሎሞን መቅደስ ቆሞበት በነበረው ኮረብታ ዙሪያ ቆፍሯል። የማኅበሩን ታሪክ ከሰሎሞን መቅደስ ግንበኞች እየመዘዙ መተረክ ልማድ በነበረበት ዘመን፣ እሱና ባልደረቦቹ ለእያንዳንዱ አባባል ሰነድ ጠየቁ። አንድ የጥናት ጽሑፍ በሎጁ ይነበባል፣ ይተቻል፣ ከትችቱ ጋር በዓመታዊው ጥራዝ ይታተማል። ጠቃሚው ክፍል ብዙ ጊዜ ትችቱ ነው።

ለጀማሪ አጥኚ ቅርቡ ምንጭ የገዛ ሎጁ ቃለ ጉባኤ ነው። ማን በምን ሙያ እንደገባ፣ ማን መዋጮ ባለመክፈሉ እንደተሰረዘ እዚያ ይገኛል። ሎጁ ያላስቀመጠውን ለንደን ግሬት ኩዊን ስትሪት ባለው የማኅበሩ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም መፈለግ ይቻላል፤ በሩ አባል ላልሆኑም ክፍት ነው።